መንገድም እንደ ቤት ጠባቂ ይሻል

ቤት የሠራ ሰው ቤቱን በፈጸመበት ቀን ይመረቅለታል፤ ወዳጅ ዘመድ ይሰበሰባል፤ ዳቦው ይቆረሳል፤ ጠላው ይቀዳል። ነገር ግን በየዓመቱ ሰኔ ሳይገባ ጣራ ላይ ወጥቶ የተበሳውን ቆርቆሮ ለሚደፍን፣ በአሸንዳው ውስጥ የተከማቸውን ቅጠል ለሚጠርግ ሰው ማንም ድግስ አይደግስለትም። ይሁን እንጂ ቤቱን ቤት አድርጎ የሚያኖረው ይህ ሁለተኛው ሥራ ነው። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርበው ያሰብነው ጉዳይ ይህንኑ የመሰለ ነው፤ ይኸውም ሰው ለጤናው፣ ለዕረፍቱና ለጎረቤት ጨዋታ ስለሚመላለስበት የሠፈር የእግር መንገድ አጠባበቅ ነው። ቤት ባለቤት ስላለው ጣራው ሲያፈስ የሚቆጣለት አያጣም። የእግር መንገድ ግን የሁሉ በመሆኑ ሲፈርስ ሁሉም አይቶ ያልፈዋል።

እኛ የምንኖረው ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ሀይሌ ጋርመንት በሚባለው ሠፈር ነው። ስሙ የልብስ ስፌትን ሥራ የሚያስታውስ ቢሆንም ሠፈሩ ዛሬ በብዛት የመኖሪያ ቤት ሠፈር ሆኗል። ከጥቂት ዐሥርተ ዓመታት በፊት ጤፍና ሽንብራ ይበቅልበት፣ ከብት ይሰማራበት የነበረው ሜዳ አሁን ፎቅ፣ ግቢ፣ ሱቅና ትምህርት ቤት ሞልቶበታል። በስተ ደቡብ ምዕራብ የፉሪ ተራራ ይታያል። ከቤቶቹም በስተ ኋላ ወደ ጅረቱ ዳር የሚወርድ፣ ከዚያም ጅረቱን ተከትሎ የሚሄድ አንድ የእግር መንገድ አለ። ርዝመቱ በዝግታ ለሚራመድ ሰው ከሩብ ሰዓት የሚበልጥ አይደለም። ጥቂት የባሕር ዛፍ፣ ሁለት ሦስት ወይራ፣ አንድም ሰፊ ጥላ ያለው ሾላ አለበት።

መንገዱ ትንሽ ቢሆንም የሚመላለስበት ሰው ብዙ ነው። ጎሕ ሲቀድ ሐኪም በእግር እንዲሄዱ የመከራቸው ጡረተኞች ይወርዱበታል። ከእነርሱ ቀጥሎ የሚሮጡ ወጣቶች ይመጣሉ። ሁለት ሰዓት ሳይሆን የተማሪዎች ተራ ነው፤ ከአስፋልቱ ጎማና ጭስ ርቀው በዚያ በኩል ወደ ትምህርት ቤታቸው ያቋርጣሉ። ከሰዓት በኋላ ሕፃን ያዘሉ እናቶች ከሾላው ሥር ይቀመጣሉ። ሲመሽ ባልና ሚስት፣ አባትና ልጅ የቀኑን ወሬ እያወሩ ይራመዱበታል። በየግቢው አጥር ተከልሎ የሚኖር የከተማ ሰው ጎረቤቱን በስም የሚያውቅበት ሥፍራ ቢኖር እንዲህ ያለው መንገድ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ዕድሜው ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ የሰውነት እንቅስቃሴ እንዲያደርግ፣ ልጆችም በየቀኑ በአማካይ 60 ደቂቃ ያህል እንዲንቀሳቀሱ ይመክራል። ፈጠን ብሎ በእግር መሄድም ከዚህ የሚቆጠር ነው። ገንዘብ የማይጠይቅ መድኃኒት ነው ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን መድኃኒቱ የሚወሰድበት ሥፍራ ያስፈልጋል። ባለጸጋው የስፖርት አዳራሽ ገብቶ ይከፍላል። ጡረተኛው፣ ተማሪውና የቤት እመቤቷ ግን ያላቸው ይህ መንገድ ብቻ ነው።

እንግዲህ መንገዱን የሚያፈርሰው ምንድር ነው? መጀመሪያ አፈሩ ራሱ ነው። በእኛ አካባቢ በብዛት ያለው ጥቁር ዋልካ አፈር ነው። ይህ አፈር በበጋ ይደርቅና እግር እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ውሃ ይጠጣና ያብጣል፤ ጫማ ላይም እንደ ሊጥ ይጣበቃል። በየዓመቱ ሲያብጥና ሲኮማተር የተነጠፈበትን ድንጋይ ያነሣል፤ የተገነባበትንም ግንብ ይሰነጥቃል።

ሁለተኛው ውሃ ነው። ከተማችን ከሰሜን ወደ ደቡብ የምታዘቀዝቅ ናት። የእንጦጦ ጋራ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ በአቃቂ በኩል ያለው ሜዳ ግን 2,100 ሜትር ገደማ ነው። በአዲስ አበባ በዓመት ከ1,100 እስከ 1,200 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ዝናም ሲዘንብ፣ ትልቁ ድርሻ በክረምት፣ ይልቁንም በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። በላይኛው ሠፈር በቆርቆሮና በአስፋልት ላይ የወረደው ዝናም መሬት ውስጥ መስረግ ስለማይችል በየቦዩ ተሰብስቦ ወደ ታች ይመጣል። ወንዞቻችን ትንሹ አቃቂና ትልቁ አቃቂ ይህን ሁሉ ይዘው በአባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገናኛሉ። ስለዚህ እኛ በደቡብ የምንኖረው ሰዎች በደጃችን የሚያልፈው ጎርፍ በእኛ ጣራ ላይ የዘነበው ብቻ አይደለም፤ ከላይ ያሉት ጎረቤቶቻችን ዝናምም፣ ፌስታልም፣ የላስቲክ ጠርሙስም አብሮ ይወርድልናል።

ውሃ መንገድን በአንድ ቀን አይወስድም። በመጀመሪያው ዓመት ጣት የምታህል መሥመር ያወጣል፤ ማንም ልብ አይላትም። በሁለተኛው ዓመት መሥመሯ እግር የምታስገባ ቦይ ትሆናለች፤ ሰው ይሻገራታል። በሦስተኛው ዓመት ቦይዋ ገደል ትሆናለች፤ ሰውም ሌላ መንገድ ይፈልጋል። አበው «እያሳሳቀ እንደ ወሰደ ውሃ» ያሉት ይህን የመሰለውን ነገር ነው።

በእኛም ሠፈር የሆነው ይኸው ነበር። መንገዱ ከሾላው በታች ባለው ቁልቁለት ላይ ተቦረቦረ። ከላይም በሌሊት የመጣ መኪና የፈረሰ ቤት ፍርስራሽ ገለበጠበትና ውሃው አቅጣጫውን ለውጦ በመንገዱ መካከል ይወርድ ጀመር። በዚያ ክረምት ተማሪዎቹ ወደ አስፋልቱ ተመለሱ። የጭነት መኪና በሚርመሰመስበት ዳር፣ ጃንጥላና ደብተር ይዘው፣ የጎማ ጭቃ እየተረጨባቸው ሲሄዱ ማየት ለወላጅ ሁሉ የሚያስጨንቅ ነበር። ጡረተኞቹም በየቤታቸው ተቀመጡ። በመካከላቸው አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ነበሩ፤ ሠፈሩ ሁሉ እማማ እያለ የሚጠራቸው ናቸው። የስኳር ሕመም ስላለባቸው በየቀኑ እንዲራመዱ ታዘዋል። በምርኩዝ ቁልቁለቱን መውረድ ስላልቻሉ ከሰኔ እስከ መስከረም ከግቢያቸው ሳይወጡ ከረሙ። ልንጠይቃቸው በሄድን ጊዜ፣ «እናንተ ልጆቼ፣ እኔ በሽታው አይደለም ያሰረኝ፤ ያቺ ቦይ ናት» አሉን። ነገሩን ከወሬ አልፈን በሥራ እንድንመለከተው ያደረገን ይህ ንግግራቸው ነው።

መስቀል ካለፈ በኋላ ጎረቤቶች ተሰብስበን መከርን። ምክሩ ግን ቀላል አልነበረም። አንድ የተከበሩ ጎረቤት ተነሥተው፣ «እኛ ግብር ከፍለናል፤ መንገድ መጠገን የመንግሥት ሥራ ነው። ዛሬ እኛ ዶማ ብናነሣ ነገ የሚመለከተው ሁሉ እጁን ይሰበስባል» አሉ። ይህ ንግግር በስንፍና የተነገረ አይደለም፤ ብዙ እውነት አለበት። ድልድይ መሥራት፣ የፍሳሽ ቧንቧ መቅበር፣ የሚናድ ገደል በግንብ መደገፍ መሐንዲስና በጀት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ጎረቤት በዶማ ይህን እሠራለሁ ቢል በራሱም በሌላውም ላይ አደጋ ያመጣል። ስለዚህ ነገሩን በሁለት ከፈልነው። ለመሥሪያ ቤት የሚገባውን ጽፈን፣ ፈርመን፣ ለሚመለከተው ክፍል አቀረብን። በእጃችን ሊሠራ የሚችለውን ግን፣ ማለት ቦይ መጥረግን፣ ድንጋይ መካብን፣ ቁጥቋጦ መመንጠርንና ቆሻሻ መልቀምን፣ ለራሳችን አስቀረነው። የቤታችን ደጃፍ ሲቆሽሽ ለማንም አናመለክትም፤ መጥረጊያ እናነሣለን። በእግር መንገዱም ላይ እንደ ደጃፍ የሚቆጠር ሥራ አለ፤ እርሱን ለይቶ ማወቅ ነበር የሚያስፈልገው።

ይህ ዓይነቱ ሥራ ለአገራችን ሰው አዲስ አይደለም። በገጠር ያደገ ሁሉ ደቦን፣ ጅጌንና ወንፈልን ያውቃል። ማሳ ሲታጨድ፣ ቤት ሲሠራ፣ ወደ ምንጭ የሚወስደው መንገድ ሲቆረጥ አንዱ ለሌላው ይወጣል። በከተማም ዕድር አለን፤ ድንኳኑ፣ ብረት ድስቱና ወንበሩ የጋራ ነው፤ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ የቀረ ሰው ይቀጣል። ዕድር ከትውልድ ወደ ትውልድ የዘለቀው አባሎቹ ከሌላው ሰው ይልቅ ደጎች ስለሆኑ አይደለም። ቀን፣ መዝገብና ተራ ስላለው ነው። እኛም ለመንገዱ ያስፈልጋል ያልነው ይህንኑ ነበር።

በድንጋይና በአፈር መሥራትን እንደ ውርደት የሚቆጥርም አልጠፋም። የተማረ ሰው፣ የቢሮ ሰው አካፋ ይዞ በሠፈሩ ሰው ፊት መታየቱን ያፍርበታል። ነገር ግን ታሪካችን ሌላ ነገር ያስተምረናል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ በተራራውና በገደሉ መካከል አዲስ መንገድ ማስጠረግ ግድ ሆኖባቸው ነበር። በጊዜው የነበሩ የውጭ አገር ሰዎች እንደ መሰከሩት ንጉሡ ራሳቸው ከሠራዊቱ ጋር ድንጋይ ያነሡ ነበር። የንጉሠ ነገሥትን እጅ ያላዋረደ ድንጋይ የእኛን እጅ ያዋርዳል ብለን አናምንም።

ሥራውን እንዴት እንዳከናወንነው ጥቂት እንናገር፤ ምናልባት ሌላ ሠፈር ያለ ቤተ ሰብ ይጠቀምበት ይሆናል። በመጀመሪያ መንገዱን በእርምጃ ለክተን በቁራጭ በቁራጭ አከፋፈልነው። ለእያንዳንዱ ሦስት ወይም አራት ቤት አንድ ቁራጭ ደረሰው። ጫፉ በተቀባ ድንጋይ ይታወቃል። አንድ ሰው «መንገዱ» ሲባል የሚያየው የሌላውን ሥራ ነው፤ «ከሾላው እስከ ቀዩ ድንጋይ ድረስ» ሲባል ግን የራሱን ሥራ ያያል። ሁለተኛ በየወሩ አንድ ቅዳሜ ጥዋት ከ1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት የጋራ ሥራ እንዲሆን ቆረጥን። እሑድና በዓል ቀን ዶማ ማንሣት እንደማይገባ ሽማግሌዎች አስቀድመው ስላሳሰቡ፣ ቅዳሜው በበዓል ላይ ከዋለ ወደሚቀጥለው ይተላለፋል። ሦስተኛ አራት ዶማ፣ አራት አካፋ፣ ሁለት ድጅኖ፣ ሁለት ማጭድና አንድ የእጅ ጋሪ በመዋጮ ገዝተን በአንድ ግቢ አኖርን፤ የሚወስድ ሰው በደብተር ይፈርማል።

ከሁሉ በላይ የጠቀመን ግን ከገንዘብም ከመሣሪያም የመጣ አይደለም። በአንደኛው ግቢ ሌሊት የሚጠብቅ ዘበኛ አለ፤ በወሎ ደጋ እርከን ሲሠራ ያደገ ሰው ነው። በመጀመሪያው ቅዳሜ እርሱ መንገዱን ከላይ እስከ ታች ተመልክቶ፣ «ውሃው መንገዱ ላይ ከወጣ በኋላ ብትከተሉት አትደርሱበትም፤ ገና ሳይበረታ ከላይ አውጡት» አለን። ከዚያም በየዐሥር እርምጃው መንገዱን በሰያፍ የሚያቋርጥ ጠባብ ቦይ አስቆፈረን፤ በቦዩም ግርጌ ጠፍጣፋ ድንጋይ እስከ ግማሹ እያስቀበረ ደረደረ። ውሃው ቁልቁል ሲመጣ ድንጋዩ ይገታውና ወደ ሣሩ ዘወር ብሎ ይወጣል። የመንገዱንም ወለል ወደ ጅረቱ በኩል በጥቂቱ እንድናዘነብለው አዘዘን፤ ወለሉ ሜዳ ከሆነ ውሃ ይተኛበታል፤ እጅግ ካዘነበለም ሽማግሌ ይንሸራተታል። በተቦረቦረው ሥፍራ ትንንሽ የድንጋይ ክትር ሠራን፤ ደለሉ በክትሩ ጀርባ እየሞላ ገደሉን ያነሣዋል። በዋልካው ላይ ገረጋንቲ አልብሰን በጥድፊያ ሳይሆን በቀጭን በቀጭኑ እየጠቀጠቅን አነጠፍን። በዳሩም ሥሩ ጠልቆ አፈር የሚይዘውን የቬቲቨር ሣር ተከልን። ለእማማም መንገድ በሚሆነው ቁልቁለት ላይ ዝቅ ዝቅ ያለ የድንጋይ ደረጃ አበጀን፤ በአንድ ወገኑም የእጅ መደገፊያ እንጨት ተከልን።

በዚህ መካከል ያላሰብነው ጥያቄ ተነሣ። በሠፈሩ የቀን ሥራ እየሠራ የሚኖር አንድ ወጣት ቆሞ ሲያየን ቆየና፣ ከመካከላችን ለነበሩት ጡረተኛ መምህር፣ «ጋሼ፣ ቅር አይበልዎትና፣ እርስዎ ለጤናዎ ብለው የሚቆፍሩት ቦይ ለእኔ የሁለት ቀን እንጀራ ነበር» አላቸው። መምህሩ ዶማውን አስቀምጠው ዝም አሉ። ከዚያም፣ «ልጄ፣ እውነት ተናግረሃል፤ ነገሩን እንምከርበት» አሉት። በዚያው ዕለት ከሾላው ሥር ተቀምጠን ተነጋገርንበት። የበጎ ፈቃድ ሥራ የድኻውን እንጀራ የሚወስድ ከሆነ በጎነቱ ምኑ ላይ ነው? በመጨረሻ የደረስንበት ሐሳብ ይህ ነው፤ ማንም ገንዘብ የማይከፍልበትን፣ ካልሠራነው ሳይሠራ የሚቀረውን ጥቃቅን ሥራ እኛ እንሠራለን። ጉልበትና ሙያ የሚጠይቀውን፣ ማለት ትላልቅ ድንጋይ ማጓጓዝን፣ የደረጃውንና የካቡን ሥራ፣ ከመዋጮው ከፍለን ያንን ወጣትና ጓደኞቹን እናሠራለን። እንዲህም ተደረገ። ዛሬ ወጣቱ ከሁላችን ይልቅ የመንገዱን ድንጋይ አንድ በአንድ ያውቀዋል። አንዳንድ ቅዳሜም ሳይጠራ ይመጣል፤ ያን ጊዜ የሚመጣው እንደ ማናችንም ጎረቤት ሆኖ ነው።

ልጆችም የሥራው ተካፋዮች ናቸው። ትንንሾቹ ጓንት አድርገው ፌስታልና ጠርሙስ ይለቅማሉ፤ የተሰበረ ጠርሙስና መርፌ የመሰለ ነገር ሲያዩ ሳይነኩ ትልቅ ሰው እንዲጠሩ ተነግሯቸዋል። አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ከሥራው በኋላ አባቷ የማስቲካ ወረቀት መሬት ላይ ሲጥል አይታ፣ «አባዬ፣ ይህ እኮ የእኛ ቁራጭ ነው» አለችው። አባትየውም ጎንበስ ብሎ አነሣው። ስለ ንጽሕና በቃል ብዙ ተመክሯል፤ በእጁ የለቀመ ልጅ ግን መካሪ አይሻም። ሴቶቹም ከዶማው ሥራ በተጨማሪ ቡና አፍልተው፣ ቆሎ አቅርበው ጨዋታውን ያደምቁታል፤ በጾም ወራት ደግሞ ሥራው ጠዋት ከመሆኑ የተነሣ ሽማግሌዎቹ ቀለል ያለው እንዲደርሳቸው ይደረጋል።

በከተማችን በእነዚህ ዓመታት ለእግረኛ ብዙ ተሠርቷል። በ2011 ዓ.ም. የወንዞችን ዳርቻ በ56 ኪሎ ሜትር ያህል ለማልማት የታቀደው ሥራ ተጀመረ። የእንጦጦ ፓርክ መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ተመረቀ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በኮሪደር ልማት የእግረኛና የብስክሌት መንገዶች ተዘርግተዋል። ችግኝ በመትከልም ረገድ ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቆ ነበር። ነገር ግን ችግኝ ከተተከለበት ቀን ይልቅ ውሃ የሚጠጣባቸው ቀኖች ይበዛሉ፤ መንገድም ከተመረቀበት ቀን ይልቅ የሚረገጥባቸው ቀኖች ይበዛሉ። የተሠራው ሁሉ ነገ የሚጠብቀው ነዋሪ ካላገኘ የዛሬው ደስታ አጭር ይሆናል። በከተማው መካከል ያለው ትልቁ ጎዳና ሠራተኛና በጀት ሊመደብለት ይችላል፤ በየሠፈሩ ጀርባ ያለው ቀጭን መንገድ ግን ከነዋሪው በቀር ጠባቂ የለውም።

የሌላውን አገር ልምድ ብንመለከትም ከዚሁ እንደርሳለን። በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል 14 ግዛቶችን የሚያቋርጥ፣ አፓላችያን የሚባል፣ ርዝመቱ ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ የእግር መንገድ አለ። ሐሳቡን በ1921 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ቤንተን መካይ የተባለ ሰው ነው፤ መንገዱም በ1937 እ.ኤ.አ. ከጫፍ እስከ ጫፍ ተያያዘ። እስከ ዛሬ ድረስ ትልቁን የጥበቃ ሥራ የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ይህን ያህል ርዝመት ያለውን መንገድ አንድ ሰው አይጠብቀውም፤ በየአካባቢው ያሉ ማኅበራት እያንዳንዳቸው የድርሻቸውን ቁራጭ ይዘው ዛፍ ሲወድቅ ያነሣሉ፤ የውሃ መውጫ ሲደፈን ይከፍታሉ። እኛ በሩብ ሰዓት መንገዳችን ያደረግነው፣ እነርሱ በ3,500 ኪሎ ሜትር የሚያደርጉት ነገር አንድ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአበው ቃልም ከዚህ የራቀ አይደለም።

በተከታዩ ክረምት ምን ሆነ? ሐምሌ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ከባድ ዝናም ዘነበ። ጠዋት ወርደን ስናይ ከሰያፍ ቦዮቹ ሁለቱ በደለል ተደፍነው ነበር፤ አንድ ክትርም በአንድ ጎኑ ተንዷል። ሌሎቹ ግን ውሃውን ወደ ሣሩ አውጥተውት መንገዱ ሳይቆረጥ ቆየ። የተደፈኑት ሁለቱ ቦዮች በግማሽ ሰዓት ተጠረጉ። ያ ግማሽ ሰዓት ባይገኝ ኖሮ በሚቀጥለው ዝናም የሳምንት ሥራ፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ማንም የማይችለው ሥራ በሆነ ነበር። አበው «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚሉት ለሕፃን አስተዳደግ ብቻ አይደለም፤ ለመንገድም ይሆናል። ተማሪዎቹ በዚያ ክረምት መንገዳቸውን አልለቀቁም። እማማም ዝናሙ ባባራ ቁጥር በምርኩዛቸው ደረጃውን እየቆጠሩ ይወርዳሉ፤ ዐሥራ አንድ ነው፤ ከሾላው ሥር ደርሰው ዐርፈው ይመለሳሉ።

ሁሉ ነገር ተፈጽሟል ብለን ግን አንናገርም። ከጅረቱ በላይ መሻገሪያ የሚሆነው ድልድይ እስከ ዛሬ ሁለት ግንድ ነው። ያመለከትንበት ደብዳቤ መልስ እስኪያገኝ በየጊዜው እንጠይቃለን እንጂ በራሳችን ልንሠራው አንደፍርም። በሌሊት ቆሻሻ የሚደፋም አልጠፋም። ከጎረቤቶቻችን አንዳንዶቹ በመጀመሪያው ወር ዘፈን እየዘፈኑ መጥተው በአራተኛው ወር ቀርተዋል። ስለ ቀሩት አንቆጣም። ከመጀመሪያው ቀን ሆታ ይልቅ የአራተኛው ወር ቅዳሜ መንገዱን እንደሚያኖር ስለምናውቅ፣ አምስት ሰው ቢመጣ በአምስት ሰው እንሠራለን። ያን ጊዜ በስብሰባው ተቃውመው የነበሩት ጎረቤት ዛሬ የመሣሪያውን ደብተር የሚይዙት እርሳቸው ናቸው። ለመሥሪያ ቤት የሚጻፈውንም ደብዳቤ ከሁላችን ይልቅ በብርቱ ቃል የሚጽፉት እርሳቸው ናቸው።

በትንቢተ ኢሳይያስ 58ኛ ምዕራፍ እግዚአብሔር ስለሚወደው ጾም ሲነገር፣ ለተራበ ከማካፈልና የታረዘውን ከማልበስ ጋር፣ የፈረሰውን የሚጠግንና መንገድን የሚያድስ ሰው በዚያው ምዕራፍ በክብር ስም መጠራቱን አንባቢ ልብ ይበል። መንገድ ማደስ ከምሕረት ሥራ ጋር አንድ ላይ መቆጠሩ የሚያስገርም አይደለም። ደካማው የሚወድቅበትን ጉድጓድ መድፈን ከወደቀ በኋላ ከማንሣት የሚያንስ ርኅራኄ አይደለምና።

ስለዚህ የተወደዳችሁ ቤተ ሰቦች፣ እናንተም በየሠፈራችሁ እንዲህ ያለ መንገድ ካላችሁ ክረምት ሳይገባ አንድ ጊዜ ከላይ እስከ ታች ተመላለሱበት። ውሃው ከየት እንደሚገባ፣ በየት እንደሚወጣ ተመልከቱ። ለመንግሥት የሚገባውን ለመንግሥት ጻፉ። የእጅ ሥራ የሆነውን ለይታችሁ ከጎረቤት ጋር ተካፈሉት፤ ቁራጩ ትንሽ ይሁን፤ ቀኑ ግን አይለወጥ። ልምድ ያለውን ሰው፣ ዘበኛም ይሁን የቀን ሠራተኛ፣ ጠይቁት፤ ሥራው ጉልበቱን የሚጠይቅ ከሆነም ዋጋውን ክፈሉት። ልጆቻችሁን አስከትሉ። ዶማ ለመያዝ ጉልበት ያጣ ቢኖር በሾላው ሥር ተቀምጦ ቦይ የተደፈነበትን ቢናገር እርሱም ሥራ ነው።

የሰኔ ደመና ሲከብድ ጣራውን የሚያይ አባወራ ከጣራው ወርዶ ደጁንም ይመልከት። የቤቱ ሰው ሁሉ በየቀኑ የሚወጣውና የሚገባው በዚያ መንገድ ነው።